ጎጃምን በካሜራ፦ በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት፣ ከየት ቆሞ

ጢስ ዓባይን በሚያዝያ ሄዶ የሚያነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚመለሰው የገደል ፎቶ ነው፤ ውሃው ከዳር ቀጥኖ ይወርዳል። ያንኑ ገደል በጥቅምት መጀመሪያ የደረሰበት ደግሞ ሌንሱን ከጢሱ ማድረቅ ይቸግረዋል። ካሜራቸው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ የለያቸው ወሩ ነው። ጎጃምን ለማንሳት የምታቅዱ ሁሉ መጀመሪያ ወሩን፣ ቀጥሎ ሰዓቱን፣ ከዚያም ማንን እንደምታስፈቅዱ ወስኑ። ሌንስ የሚመረጠው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ወሩ

በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ይደፈናል። ብርሃኑ ለስላሳ ስለሚሆን ለሰው ፊት ይመቻል፤ ለሰፊ መልክዓ ምድር ግን ጭጋጉ አያፈናፍንም፣ የገጠር መንገዱም ይቦካል። መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ በየማሳው ዳር ይፈነዳል። ቆማችሁ ከላይ ካነሳችሁት ቢጫ ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል። ተንበርከኩ፣ ካሜራውን ከአበባው አናት ዝቅ አድርጉ፣ ከኋላ ጎጆ ወይም ተራራ አስገቡ።

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ያለው ጊዜ ከሁሉም ይበልጣል። ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፣ ወንዙ ገና ሙሉ ነው፣ ከባሕር ዳር በመራዊ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ኑጉ ያብባል። ኅዳር ላይ ጤፉ ይደርሳል። ታኅሣሥና ጥር የአውድማ፣ የጥምቀትና የፈረስ ወራት ናቸው። ከየካቲት በኋላ እስከ ክረምቱ መግቢያ አቧራና ጭስ አድማሱን ይሸፍኑታል፤ በእነዚህ ወራት የሩቅ ተራራ ለማንሳት መድከም ትርፉ ጥቂት ነው። ያን ጊዜ ለቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥዕልና ለገበያ አውሉት።

ሰዓቱ

ጎጃም ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትወጣለች፤ ማታም በዚያው መካከል ትጠልቃለች። ስትወጣም ስትወርድም ቀጥ ብላ ስለሆነ ወርቃማው ብርሃን ቶሎ ያልፋል። ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ የሰው ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ሜዳው ይነጣል፣ ሰማዩ ቀለም ያጣል።

ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ቦታው ላይ ተገኙ። የሆቴል ቁርስ የሚጠብቅ ሰው የቀኑ ምርጥ ብርሃን ያመልጠዋል። ቁርሱን አስቋጥራችሁ ሂዱ። እኩለ ቀኑን ለመንገድ፣ ለቤተ ክርስቲያን ውስጥና ለእረፍት ተዉት፤ ከ10 ሰዓት በኋላ እንደገና ውጡ።

ነጭ ልብስና ጠይም ፊት

ጎጃም ውስጥ ከሁሉ በላይ ፎቶ የሚያበላሸው ይህ ነው። ካሜራው ነጩን ነጠላ ወይም ጋቢ ሲያይ ብርሃን የበዛበት መስሎት ፎቶውን ያጨልማል፤ ፊት ይጠፋል። ከጀርባ ጥቁር የበር ውስጥ ካለ ደግሞ በተቃራኒው ያበራል፤ ጋቢው ነጭ ሰሌዳ ይሆንና የጥለቱ ጌጥ አይታይም።

መፍትሔው ከብርሃኑ ይጀምራል። ሰውየውን ከፀሐይ አውጡት። የዋርካ ጥላ፣ የቤት ደጃፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ሁሉ ይሆናል። ከሁሉ የሚሻለው ደጃፍ ነው፦ ሰውየው ከመድረኩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ ፊቱን ወደ ውጭ ያዙር፤ ግቢው ላይ ያረፈው ብርሃን ተመልሶ ፊቱን ያበራዋል፣ ከጀርባው ያለው የቤቱ ጨለማ ደግሞ ጋቢውን ያጎላዋል። ካሜራችሁ ብርሃንን በነጥብ (ከአንድ ትንሽ ቦታ ብቻ) መለካት ከቻለ ጉንጭ ላይ ለኩና ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ ቀንሱ (አንድ ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ፣ አንድ ስቶፕ መጨመር በእጥፍ መጨመር ነው)፤ ካልቀነሳችሁ ጠይሙ ፊት ከተፈጥሮው ይነጣል። መላውን ፍሬም የሚለካው ዘዴ ላይ ከሆናችሁና ፍሬሙን ነጭ ልብስ ከሞላው አንድ ስቶፕ ጨምሩ። በራው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሱ፤ ጄፔግ ላይ አንዴ የጠፋ ጥለት አይመለስም። በስልክ የምታነሱ ፊቱን ነክታችሁ እስኪቆለፍ ያዙት፣ ከዚያ ብርሃኑን በጣታችሁ ትንሽ ወደ ታች ሳቡት።

ይህን ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት ግን ሰላምታ አለ። ካሜራውን ወደ ጎን አድርጉ፣ ጎንበስ ብላችሁ ሰላም በሉ። በጎጃም ገጠር ትልቅ ሰው «አንቱ» ይባላል፤ «አንተ» ብሎ ጀምሮ ፎቶ መጠየቅ ነውር ነው። «ጤና ይስጥልኝ አባባ፣ እንዴት አደሩ? ፎቶ ላንሳዎት ወይ?» ካላችሁና ካልወደዱ፣ አመስግኖ ማለፍ ነው። ደጋግሞ መለመን ሰውን ያስጨንቃል፤ በግድ የቆመ ሰው ፎቶም ጭንቀቱን ይናገራል።

ጣናና የገዳማቱ ሥዕሎች

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሱ። ሐይቁ ጠዋት ይረጋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ካሜራን ያረጥባል፣ አግድሙንም ያዛባል። ከጀልባ ላይ ስታነሱ ሹተሩን (የመዝጊያውን ፍጥነት) ከ1/500 ሰከንድ በታች አታውርዱት፤ ክንዳችሁን ከጀልባው ጠርዝ አታስደግፉ፤ የሞተሩ ንዝረት ወደ ሌንሱ ይተላለፋል።

ገዳም ከመምረጣችሁ በፊት አብሯችሁ የሚሄደውን አስቡ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም። በዘጌ ያሉት ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም፣ በደቅ ደሴት ያለው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴም ሴትም ወንድም ያስገባሉ። ለአንድ ቀን አንዱን ብቻ ማየት የሚችል ሰው ዑራን ይምረጥ፤ የሥዕሉ ብዛትም፣ ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያስኬደው የቡና ጫካም ለካሜራ የተመቹ ናቸው።

ግቢው እንደደረሳችሁ ገበዙን ወይም በኃላፊነት ያሉትን አባት ፈልጉ። «አባ፣ ይባርኩኝ» ብላችሁ መስቀል ተሳለሙ፣ ከዚያ ፎቶ የሚፈቀድበትን ቦታ ጠይቁ። የመግቢያና የቪዲዮ ክፍያ ብዙ ቦታ የተለያየ ነው፤ ዝርዝር ብር ያዙ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ጫማ ከበሩ ውጭ ይወልቃል። ቅዳሴ እየተቀደሰ ከሆነ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይቆያል። ፍላሽ የለም። ብርሃኑ ተደጋግሞ ሲያርፍበት የዱሮ ቀለም ይጎዳል፤ ከዚያም አልፎ ፍላሽ ሥዕሉን ያብለጨልጨዋል እንጂ አያሳምረውም።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ሥዕሎቹ ያሉት መሐል ላይ በቆመው የመቅደሱ ግድግዳ በውጭ በኩል ነው። በግድግዳውና በእናንተ መካከል ያለው መተላለፊያ ጠባብ ስለሆነ ወደ ኋላ መሸሽ አይቻልም። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሙሉ ግድግዳውን አስገባለሁ ብሎ ካሜራውን ወደ ላይ ቀና ያደርጋል፤ ቅዱሳኑ እግራቸው ሰፍቶ ራሳቸው ይጠብባል። እንዲህ አድርጉ። ከ24 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ሰፊ ሌንስ ግጠሙ። ከግድግዳው ፊት ለፊት ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ በስክሪኑ ላይ ያሉትን መስመሮች ከሥዕሉ ሐረግ ጋር አስተካክሉ፣ ሥዕሉን በየክፍሉ ለያይታችሁ አንሱ። አንዱ ታሪክ ሲያልቅ ሌላው ስለሚጀምር ክፍሉ ራሱ ድንበሩን ያሳያችኋል። ላይ ያሉትን ከቻላችሁ በረጅም ሌንስ ከመተላለፊያው ጥግ አንሱ።

ለብርሃኑ ደግሞ ገበዙ የውጩን በሮች እንዲከፍቱላችሁ በትሕትና ለምኑ። ፀሐይ በቀጥታ የምትገባበት ወገን ላይ ሥዕሉ ግማሹ ይቃጠላል፣ ግማሹ ይጨልማል። ስለዚህ ጠዋት በምዕራብ በኩል ያለውን፣ ከሰዓት በኋላ በምሥራቅ በኩል ያለውን ግድግዳ አንሱ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) ከ1600 እስከ 3200፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 4፣ ሹተር 1/60 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። ከጫካው የሚመለሰው ብርሃን አረንጓዴ ስለሆነ የመላእክቱ ፊት ሊወይብ ይችላል፤ መጀመሪያ ነጭ ወረቀት በዚያው ብርሃን አንስታችሁ የቀለሙን ሚዛን በእሱ አስተካክሉ። መጋረጃ የተሸፈነ ሥዕል ካለ የሚገልጡት አባት ናቸው፤ እጃችሁን አታስገቡ። ከመቅደሱ በር ወዲያ ያለው አይነሳም፣ አይጠየቅምም።

ሐይቁ ላይ ታንኳውን አትለፉት። ከደንገል ተጠፍሮ የሚሠራ ነው፤ ውሃ ስለሚጠጣ ከሥራ በኋላ ዳር ላይ ቀጥ አድርገው አቁመው ያደርቁታል። የቆመው ታንኳ በማለዳ ብርሃን የደንገሉን እያንዳንዱን ዘንግና የተጠፈረበትን ማሰሪያ ያሳያል፤ ከጎን ብርሃን፣ ከአንድ ሜትር ርቀት፣ በኤፍ 8 አንሱት። ውሃ ላይ ያለውን ታንኳ ደግሞ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ በሆነ ሌንስ፣ ወደ ውሃው ወለል እስከምትችሉት ዝቅ ብላችሁ አንሱ። ከላይ ቆማችሁ ካነሳችሁት ታንኳው ከውሃው ጋር ይዋሐዳል። ቀዛፊው ሊሸጥ እንጨት ወይም ዓሣ ጭኖ የሚሄድ ሰው ነው፤ ጀልባችሁ ቢጠጋው ሞገዱ ያናውጠዋል። ሞተሩን አስጠፉና ከሩቅ ጠብቁት። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ለሚታየው ጉማሬም 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያስፈልጋል፤ ጀልባ ነጂውን «ጠጋ በል» አትበሉ።

ጢስ ዓባይ

ፏፏቴው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ቁመቱ 45 ሜትር አካባቢ ሲሆን በሙላት ጊዜ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ወንዙ ለኤሌክትሪክ ስለሚውል፣ በተለይ በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ በበጋ የሚወርደው ውሃ በጣም ያንሳል። በነሐሴ ሙላቱ ያስፈራል፣ ውሃው ግን ደፍርሶ ቡናማ ነው፤ ዱካውም ያንሸራትታል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ውሃውም አለ፣ ነጭነቱም ይመለሳል።

የመግቢያ ትኬቱ ጢስ ዓባይ ከተማ ውስጥ ይቆረጣል። ከዚያ በእግር ስትወርዱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው በላዩ ተሻግሮ ያልፋል፤ ቅስቱ የሚታየው ግን ከጎን በኩል ነው። ጥንቃቄ ካደረጋችሁና ዱካው ደረቅ ከሆነ ትንሽ ወረድ ብላችሁ ቅስቱንና ከሥሩ የሚጠበውን ወንዝ አብራችሁ አስገቡ።

ፏፏቴው ፊት ስትደርሱ ቶሎ አታንሱ፤ ጢሱ ወዴት እንደሚነፍስ ለጥቂት ደቂቃ ተመልከቱ። ነፋሱ ወደ እናንተ በሚመጣበት ቦታ ሌንስ ቢጠረግ በግማሽ ደቂቃ ተመልሶ ይረጥባል። ሁለት ሦስት ደረቅ ጨርቅ ያዙ፣ ካሜራውን በፌስታል ሸፍኑ፣ ሌንሱን ከማንሳታችሁ ጥቂት ሰከንድ በፊት ብቻ ግለጡት። ሌንስ እዚያ አትቀይሩ።

ቀስተ ደመና የምትፈልጉ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ። የራሳችሁ ጥላ ራስ ከሚያርፍበት ነጥብ ዙሪያ በ42 ዲግሪ ርቀት ጢሱ ላይ ይወጣል፤ ጥላችሁ ወደ ገደሉ ካልተዘረጋ ቀስቱን አታገኙትም። ፖላራይዘር ፊልተር (ሌንስ ላይ የሚገጠም፣ ነጸብራቅን የሚቀንስ የሚዞር መስታወት) ካላችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፦ አንዱ ቦታ ላይ ቀስቱን ያደምቀዋል፣ ሌላው ላይ ጨርሶ ያጠፋዋል። ብዙዎች ፊልተሩን አጥብቀው ረስተውት «ቀስተ ደመናው ፎቶ ላይ አልወጣም» ይላሉ።

ውሃውን እንደ ሐር ማለስለስ የሚፈልግ ትሪፖድና ብርሃኑን ስድስት ስቶፕ የሚቀንስ ጠቆር ያለ ኤንዲ ፊልተር ይያዝ። በጠራ ፀሐይ በአይኤስኦ 100ና በኤፍ 11 ሹተሩ 1/250 ሰከንድ ገደማ ይሆናል፤ ፊልተሩ ሲገጠም ወደ 1/4 ሰከንድ ይወርዳል። ለዚህ ፏፏቴ ያ በቂ ነው። ከ2 ሰከንድ በላይ ከሄዳችሁ ውሃው ቅርጹን አጥቶ ነጭ ጭጋግ ይመስላል፣ የዓባይ ጉልበት ከፎቶው ይወጣል። ጉልበቱን ማሳየት ለሚፈልግ የእኛ ምክር ተቃራኒው ነው፦ 1/1000 ሰከንድ፣ ረጅም ሌንስ፣ ውሃው ከገደሉ ጫፍ የሚሰበርበትን ብቻ። መጠኑ እንዲታወቅ ከሩቅ የቆመ ሰው ወይም ዛፍ አስገቡ።

እንጅባራ፦ ፈረሱና ዘንገና

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ይከበራል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡ ሳይበዛ ማልዳችሁ ድረሱ፣ ፈረሶቹ ሲሸለሙ አንሱ፤ የጌጣጌጡ ዝርዝር የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። ለሩጫው ሁለት አማራጭ አለ። እግሩን አየር ላይ ለማስቀረት 1/1000 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ፤ ፍጥነቱን ለማሳየት 1/60 ሰከንድ አድርጋችሁ ከፈረሱ ጋር ወገባችሁን እያዞራችሁ አንሱ፣ ካነሳችሁ በኋላም መዞራችሁን አታቁሙ። በሁለተኛው መንገድ ከአሥሩ አንዱ ቢሳካ ጥሩ ነው። ፀሐይ ከፈረሱ ኋላ ስትሆን አቧራው ያበራል። የመሮጫውን ሜዳ አትሻገሩ፣ ጥጉ ላይ አትንበርከኩ፤ ጋላቢው ቢፈልግም የሚጋልበውን ፈረስ በቅጽበት ማቆም አይችልም።

በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ለከተማው ቅርብ የሆነውን የዘንገናን ሐይቅ እዩ። በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ፣ ክብ ሊባል የሚችል ሐይቅ ነው። ዙሪያው ደን ስለሆነ ጠዋት ከአንድ ወገን ጥላ ይውልበታል፤ ፀሐይ ከፍ እስክትል መጠበቅ ከሚያዋጣባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ፖላራይዘሩን ከ24 ሚሊ ሜትር በሰፋ ሌንስ አትጠቀሙበት፤ ሰማዩን ግማሹን ጥቁር፣ ግማሹን ነጭ ያደርገዋል።

አውድማ

ታኅሣሥና ጥር ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ገበሬው በመንሽና በላይዳ እህሉን ወደ ላይ ይበትናል። ፍሬው ቀጥ ብሎ ይወድቃል፣ ገለባው በነፋስ ወደ ጎን ይሄዳል። ፀሐይ ከገለባው ኋላ እንድትሆን ቁሙ፤ ከጀርባው ጥላ የዋለበት ዛፍ ወይም ገደል ካለ ገለባው እየበራ ይታያል፣ ነጭ ሰማይ ከሆነ ግን ይጠፋል። 1/800 ሰከንድ፣ ኤፍ 5.6፣ ኤክስፖዠር አንድ ስቶፕ ዝቅ። ፎከሱ የገበሬው እጅ ላይ ይሁን፤ ካሜራው ራሱ እንዲመርጥ ከተዋችሁት ከፊት የሚበረውን ገለባ ይይዛል። ነፋሱ ወደሚሄድበት ወገን አትቁሙ፤ እብቁ የሌንሱ ቀለበት ውስጥ ገብቶ ያንቋቋል። ወደ አውድማው ከመጠጋታችሁ በፊት ጫማ ማውለቅ ይገባ እንደሆነ ጠይቁ።

የዓባይ በረሃና ጮቄ

ከደጀን አፋፍ ወደ ደቡብ ስለምታዩ በበጋ ፀሐይ አብዛኛውን ቀን ፊታችሁ ናት፤ ቀትር ላይ ሸለቆው ሰማያዊ ጭስ ብቻ ነው። ጠዋትና ማታ ግን ብርሃኑ ከጎን ይመጣና ተረተሩ አንዱ ከአንዱ ይለያል፤ በ100 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለ ሌንስ ከሰፊው ይሻላል። ታች ያለውን ድልድይ አታንሱ።

ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ መነሻችሁ ደብረ ማርቆስ ቢሆን ይመቻል። እዚያ የሚፈለገው ጅብራ፣ ያ ረጅሙ የውርጭ ተክል፣ ነው። ጉም ሲሸፍነው ሁለት ሦስት ጅብራ ብቻ ለይታችሁ፣ ኤክስፖዠሩን አንድ ስቶፕ ጨምራችሁ አንሱ፤ ካልጨመራችሁ ጉሙ ግራጫ ይሆናል። ብርዱ ባትሪ ይጨርሳል፣ ትርፉን ከልብሳችሁ ሥር ያዙ። ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ ካሜራው ቦርሳው ውስጥ ተዘግቶ ይቆይ፤ ወዲያው ካወጣችሁት ሌንሱ ውስጡ ላብ ያወጣል።

የሚከለከለውና የሚያስጠይቀው

ግሽ ዓባይ የጠበል ቦታ ነው። ወደ ምንጩ ለመቅረብ በባዶ ሆድ መሄድ ይገባል፤ የሚጠመቅ ሰው አይነሳም። በቅኔ ቤቶች፣ ዋሸራም ሆነ ጎንጅ፣ ዲማም ሆነ ደብረ ኤልያስ፣ የኔታን ሳታስፈቅዱ ተማሪ አታንሱ። ከፈቀዱ ተማሪዎቹ በዛፍ ሥር ሲቀጽሉ ወይም አኮፋዳቸውን ይዘው ሲመለሱ አንሱ፤ ለካሜራ ብላችሁ እንዲለምኑ አታድርጉ። ልጆቹ እዚያ ያሉት ለትምህርት ነው፣ ፎቶውም ያንን ያሳይ።

ከጢስ ዓባዩ የድንጋይ ድልድይ በቀር ድልድይ፣ ግድብ፣ ማመንጫ፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ኬላና የታጠቀ ሰው አይነሳም። ድሮን ያለ መንግሥት ፈቃድ አይበርም፤ ፈቃዱ ከጉዞው በፊት ያለቀ ይሁን። በክልሉ ካለው የጸጥታ ሁኔታ የተነሳ መንገድ ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ ሊዘጋ ይችላል። በየማለዳው በምትሄዱበት ከተማ ለሚኖር ሰው ደውላችሁ አጣሩ፣ ከመሸ አትንቀሳቀሱ። የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ የሚነሳው ከማደሪያችሁ በእግር ከሚደረስበት ቦታ ብቻ ነው።

ማታ ካርዱን ወደ ሁለት ቦታ ገልብጡ፤ ሁለቱም ቅጂዎች መከፈታቸውን ሳታዩ አታጥፉት። የቤተ ክርስቲያኑን ስም ከነታቦቱና ከነወረዳው በዚያው ማታ ጻፉ፤ ከሳምንት በኋላ ክብ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ይመሳሰላል። ፎቶ እልካለሁ ብላችሁ ቃል የገባችሁለት ሰው ስልክ ካለው በቴሌግራም «ፋይል» ብላችሁ ላኩለት፤ «ፎቶ» ብላችሁ ከላካችሁ ይጨመቅና ለማሳተም አይሆንም። ስልክ ለሌለው 10 በ15 ሴንቲ ሜትር አሳትማችሁ ወደዚያው በሚመለስ ሾፌር ወይም በደብሩ በኩል ላኩ፣ ስሙንና ቀበሌውን ከጀርባው ጻፉበት።